ከርከሮው ምን አለ?

አያ ቢሻው ካርቱን ማየት የጀመረው ወዶ አይደለም፤ ቁልፉ እሱ ዘንድ ስለነበረ ነው። የቀበሌያችን አዳራሽ ዘበኛ ነበር። ቴሌቪዥኑ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ በእንጨት ሳጥን ተቆልፎበት፣ ላዩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተደርቦበት፣ እንደ ሙሽራ ነው የሚቀመጠው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ ፕሮግራም ሳጥኑን ይከፍታል። ከፍቶ ግን መሄድ አይችልም። አንዱ ልጅ የቴሌቪዥኑን መዘውር ቢያዞር፣ ሌላው ሽቦውን ቢጎትት ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ ይቆማል። ቆሞ ሲያይ፣ ሲያይ፣ በቃ ነገሩ ገባበት።

እኔ ይሄን ሁሉ የማውቀው ግቢያችን አንድ ስለሆነ ነው። የሱ በርና የኔ በር ፊት ለፊት ነው። አራዳ ጋራዥ ነበር የምሠራው፣ ማኪና ሥር ተጋድሜ ነው የምውለው፤ ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ በቃኝ ብያለሁ። ቴሌቪዥን የሚሉትን ነገር ግን እንደኔ የወደደ ሰው ጎንደር ውስጥ ካለ ይምጣና እንከራከር! ቴሌቪዥን ከተማችን በገባ ሰሞን የማላየው ነገር አልነበረም። ዜናውን አያለሁ፣ ስብሰባውን አያለሁ፣ ትራክተሩን አያለሁ፣ ሁሉም አልቆ መስኮቱ ላይ የሚመጣውን ጉንዳን የመሰለ ነገር ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ስለዚህ እኔ ልጆች መሀል ተቀምጬ ካርቱን ማየቴ ማንንም አልገረመ። አገር የገረመው የአያ ቢሻው ነው።

ስለሱ ልንገራችሁ። አያ ቢሻው ከዳባት በላይ ካለው ደጋ ነው የመጣው። ረዥም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲራመድ አንገቱን ቀደም ያደርጋል። በልጅነቱ አባቱ ቅኔ ቤት አስገብተውት ነበር። አንድ ክረምት ቆየ፣ አልገባው አለ፣ የኔታን ፈርቶ ጠፍቶ መጣ። የቅኔ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ግን ሰው «ቅኔ ቤት ነበረ» የሚለውን ሰማ እንጂ «ጠፍቶ መጣ» የሚለውን አልሰማም። በኛ አገር ደግሞ የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ «ሰሙ ይሄ ነው፣ ወርቁ ያ ነው» ይባልለታል። ላይ ላዩን የሚሰማው ሰሙ፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቁ። ሁሉም ወርቅ ፈላጊ ነው።

አንድ ወንድም ነበረው፣ መለሰ የሚባል። ተጫዋች ነበር አሉ። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ሰው ከየቤቱ እየተለቀመ በሚወሰድበት ጊዜ፣ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ አንድ ቀልድ ቀለደ። ቀልዱ ምን እንደነበረ ዛሬ የሚያስታውስ እንኳ የለም። የሳቁ ሰዎች ግን ነበሩ። በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት፤ ከፊት ሆኖ በሩን ያሳያቸው የዚያው ሰፈር ልጅ ዓለምነው ነበር። መለሰ አልተመለሰም። ሬሳው አልተሰጠ፣ ልቅሶው አልተፈቀደ። ዓለምነው ደግሞ ቆየት ብሎ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ፣ ጓድ ዓለምነው ተባለ። አያ ቢሻው የሱ ዘበኛ ሆነ። ጠዋት ጠዋት በር እየከፈተለት «እንደምን አደሩ ጓድ ሊቀመንበር» ይለዋል። ይለዋል እንግዲህ፣ ምን ያድርግ? ከመለሰ ወዲህ ግን ከአያ ቢሻው አፍ ቀልድ ወጥቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ሲስቅ እንኳ ማን እንደሳቀ ዞር ብሎ ያያል።

ወደ ካርቱኑ ልመልሳችሁ። ከአንዱ ሶሻሊስት አገር የመጣ ነው ይባላል፤ ከየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቋንቋው አይገባንም። አንድ ትንሽ ጃርት አለ፤ ወንዝ ዳር ቤት አለው፣ ባርኔጣ ያደርጋል። ትልልቆቹ መጀመሪያ «ጃርት? ያ ድንች ጨራሽ!» ብለው ነበር፤ የደጋ ሰው መቼም ለጃርት ፍቅር የለውም። ይሄኛው ግን ሸጋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። ሌላው ደግሞ አጭር፣ ወፍራም፣ ፊቱ ላይ ነጭ መስመር ያለበት አውሬ ነው። ምን እንደሆነ ተከራከርን። አንዱ አሳማ ነው አለ፣ አንዱ የፈረንጅ ሽኮኮ ነው አለ፣ እኔ ድብ ነው ብዬ ተሳቀብኝ። በመጨረሻ ልጆቹ «አያ ከርከሮ» አሉት፣ ጸደቀ። ከርከሮው ጃርቱ ለፍቶ የለቀመውን ሁሉ ይቀማዋል። በየእሁዱ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

አንድ እሁድ ታዲያ ከርከሮው ድልድይ ላይ ጃርቱን አስቁሞ ብዙ ነገር ተናገረ። ወለላ የምትባል የጠላ ሻጯ የሽታዬ ልጅ አለች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፤ ዞር አለችና «አያ ቢሻው፣ ምን አለው?» አለች። እንግዲህ ከሁሉ ትልቅ እሱ ነው፣ ማንን ትጠይቅ? እሱም ሳያስበው ድምፁን አወፍሮ፦

«ቁም! ምነው ሳትጠይቅ ታልፋለህ? ድልድዩ የኔ ነው፤ የተሸከምከውን አራግፍ! አለው» አላት።

«ጃርቱስ?»

ድምፁን አቀጠነ። «ጌታዬ፣ ለልጆቼ ነው እኮ! አለ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ብል ይሻላል። እኔ ራሴ ከአግዳሚው ወድቄያለሁ። ቀና ብዬ አያ ቢሻውን ሳየው ፈገግ ብሏል። ያን ሁሉ ዘመን ጎረቤቴ ሆኖ ጥርሱን አይቼው አላውቅም ነበር። ሸጋ ጥርስ ነው ያለው!

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ግማሽ፣ ወደ አያ ቢሻው ግማሽ ዞረው ነው የሚቀመጡት። ጃርቱም እሱ ነው፣ ከርከሮውም እሱ ነው፣ ወንዙ ላይ የምትዋኘው ዳክዬም እሱ ነው። እቴነሽ፣ ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሽበትህን ይዘህ ዳክዬ ሆነሃል አሉ» እያለች ትተርበዋለች። ደስ ብሏት ነው ግን። እቤት ውስጥ ማፏጨት ጀምሮ ነበር።

ብዙም አልቆየ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሽታዬ፣ ጠላ ሻጯ፣ የወለላ እናት፣ ግቢያችን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አያ ቢሻው፣ እግዜር ይስጥህ። አንጀቴን ነው ያራስከው።»

«ምን አድርጌ?»

«ድልድዩን ነዋ! ወለላ ነገረችኝ። 'የተሸከምከውን አራግፍ' ያልከው የኬላውን አይደል? ከአዲ አርቃይ ስመጣ ጤፌን ያራገፉብኝን ነው አይደል?»

ዱላው ከብብቱ ወደቀ። «የምን ኬላ? ሽታዬ፣ ስለ ማርያም! የከርከሮ ነው እኮ!»

«ይሁን፣ ይሁን። ከርከሮ ነው» አለችና ጠቀሰችው።

ያቺ ጥቅሻ ናት የጀመረችው። አያ ቢሻው ያን ቀን ምሳ አልበላም። «መለሰን ያስወሰደው እኮ የተናገረው አይደለም፤ የሰሙት ናቸው» እያለ ግቢ ውስጥ ይመላለሳል።

እናም መላ አበጀ። ወርቅ ሊወጣው የማይችል ነገር ብቻ ልናገር አለ። በሚቀጥለው እሁድ ልጆቹ «ምን አለ?» ሲሉት፣ ድምፁን ሳያወፍር ሳያቀጥን፣ «ጃርቱ ሄደ። ከርከሮው መጣ። ጃርቱ ቤቱ ገባ» ብቻ። ልጆቹ አኮረፉ። እሱ ግን እፎይ አለ።

ምን ዋጋ አለው! በማግስቱ ሽታዬ ጠላ ቤት ነበርኩ። ጡረተኛው አቶ ሐብተ ማርያም ጢማቸውን እየጠቀለሉ፦

«'ጃርቱ ሄደ' ነው ያለው? አይ ቢሻው! ሱዳን የገቡትን ልጆች ነዋ!»

«'ከርከሮው መጣ'ስ?» አለ ሌላው።

«ከአውራጃ የመጣውን አዲሱን ካድሬ አላየኸውም? አንገት አለው?»

ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ በሩን ያያሉ። ይሄን ሄጄ ስነግረው አያ ቢሻው ፊቱ አመድ መሰለ። በሚቀጥለው እሁድ ጭራሽ ዝም አለ። ወለላ ብትለው፣ ሌሎቹ ቢሉት፣ ወይ ፍንክች! ጣራውን እያየ ቆመ። ፕሮግራሙ አልቆ ስንወጣ አቶ ሐብተ ማርያም ክርኔን ያዙኝ።

«አየኸው? ዝም አለ እኮ! አፋችን ተለጎመ ማለቱ ነው። ይሄማ ከሁሉም የበለጠው ነው!»

እንግዲህ ፍረዱ። ቢናገር ቅኔ፣ ባይናገር ቅኔ። ልብ በሉ፣ አቶ ሐብተ ማርያም ልጅ የላቸውም፣ የልጅ ልጅ የላቸውም፤ የልጆች ፕሮግራም ለማየት ነው ከዘራቸውን ይዘው የመጡት። ብቻቸውንም አይደሉም። እሁድ በመጣ ቁጥር ትልቅ ሰው እየበዛ ሄደ፤ ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ፣ ወንዶቹ በበሩ በኩል። ማንም አይስቅም። ሁሉም አያ ቢሻውን ነው የሚያየው። እሱ ደግሞ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ያችን ፈገግታውን ዳግመኛ አላየሁም።

ጓድ ዓለምነው አስጠራው። የተባባሉትን ራሱ አያ ቢሻው ነው ያን ቀን ምሳ ሰዓት ለእቴነሽና ለኔ የነገረን።

«ጓድ ቢሻው፣ ተቀመጥ» አለው።

«ቆሜ ይሻለኛል ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሐሙስ ለውይይት ክበብ ሰው በአብዮት ጠባቂ ተለቅሞ ነው የሚመጣው። እሁድ ለልጆች ፊልም አዳራሹ ይሞላል። ምነው?»

«ልጆቻቸውን ሊወስዱ ይሆናላ።»

«ሐብተ ማርያም ማንን ሊወስድ ነው?»

አያ ቢሻው ዝም አለ። ዝም ማለቱም እንደ ቅኔ እንዳይቆጠርበት ብሎ ደግሞ ሳል ሳለ። ጓድ ዓለምነው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበው። «ስማኝ። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ሰሙን ሰምቻለሁ። ወርቁን ንገረኝ።»

«ወርቅ የለውም ጓድ ሊቀመንበር።»

«'የለውም' ስትል ይሄ ሰሙ ነው ወርቁ?»

«እኔ... የልጆች ነው እኮ... ቋንቋውንም አላውቀው...»

«ቢሻው!» አለ ጓድ ዓለምነው፤ 'ጓድ' የምትለዋ ቀረች። «ወንድምህ የሞተው በአፉ ነው። አንተ አስተዋይ ነህ ስል ነበር።»

አያ ቢሻው ያን ጊዜ ቀና ሲል ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አየ። አንድ ወፍራም ባላባት አንድ ከሲታ ገበሬ ላይ ተቀምጧል። ወፍራሙ ከርከሮውን ቁርጥ! ባርኔጣ ያደረገው ገበሬ ደግሞ ጃርቱን። ከአፉ ዝም ብሎ ወጣ፦

«ከርከሮው ፊውዳሉ ነው። ጃርቱ ጭቁኑ ገበሬ ነው።»

ጓድ ዓለምነው ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «እሰይ! እንዲህ ነዋ! ታዲያ ምነው ስትደብቀኝ ቆየህ? ይሄማ ለቀበሌያችን ኩራት ነው። እሁድ እኔም እመጣለሁ። ለሕዝቡ እኔ እከፍታለሁ፣ አንተ እያንዳንዱን ቃል እየተረጎምክ ታስረዳለህ።»

«እሁድ?»

«እሁድ። ፊውዳል ነው ብለሃል እንግዲህ፤ ፊውዳል ነው።»

ይሄን ነግሮን ሲያበቃ እቴነሽ «ተመስገን፣ ተገላገልክ!» አለች። እሱ ግን ራሱን ይዞ ቁጭ አለ።

«ምኑን ተገላገልኩ? ከርከሮው እሁድ ምን እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ?»

አስቡት እንግዲህ። ከርከሮው እኮ የሱ አይደለም! ባለፈው እሁድ ያለቀው ከርከሮው የጃርቱን ቤት ተደግፎ ግድግዳውን ሲንድበት ነው። እዚህ ድረስ ሸጋ፣ ለፊውዳል ይሆናል። ግን ካርቱን ነው፤ በሚቀጥለው እሁድ ቢፋቀሩስ? አብረው ቢበሉስ? ጃርቱ ቢያቅፈውስ? ጭቁኑ ገበሬ ፊውዳሉን በሊቀመንበሩ ፊት ሊያቅፈው ነው?

አያ ቢሻው ወደኔ ዞረ። «አንተ የቴሌቪዥን ሰው ነህ። የሚመጣውን እሁድ ከአሁኑ የሚያውቅ የለም?»

«አዲስ አበባ ያሉት ያውቃሉ መሰለኝ። ፊልሙን የሚያስገቡት።»

«ስልክ ይደወልላቸዋል?»

«ምን ብለህ አያ ቢሻው?»

«ከርከሮው ክፉ እንደሆነ ይዘልቃል ወይ ብዬ።»

መሳቅ አማረኝና ፊቱን አይቼ ተውኩት። እቴነሽ ግን ብድግ አለች። «ደውል! ደውልና ከነከርከሮው ይሰሩህ! መለሰስ ጠላ ጠጥቶ ነው የተናገረው። አንተ ጠላ ሳትቀምስ በጃርት ልትሞትብኝ?» አለችና ጀርባዋን ሰጠችን። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? የሱን ጋቢ አወረደች፣ አጠበች፣ አሰጣች። ሲደርቅ አጥፋ በገመድ አሰረችው፤ መሀሉ ላይ በከረጢት በሶ አደረገች። ጥቅልሉን በሩ ሥር አኖረችው። መለሰ ሲወሰድ በሸሚዝ ነበር፤ ጋቢ ይዘን ስንሄድ አንቀበልም አሉን ትል ነበር ሁልጊዜ። ለዚህኛው ከአሁኑ አዘጋጀች። በየቀኑ ስገባ ስወጣ ያንን ጥቅልል አየዋለሁ።

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ መተንፈሻ የለውም። ጓድ ዓለምነው ፊት ለፊት ወንበር ተደርጎለት ተቀመጠ፣ ከጎኑ አብዮት ጠባቂው ኃይለ ጊዮርጊስ ጠመንጃውን ይዞ። ልጆቹ መሬት ላይ። ጓድ ዓለምነው ተነስቶ ስለ ፊውዳሉና ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ተናገረ፣ ከርከሮው ማን እንደሆነ፣ ጃርቱ ማን እንደሆነ አስረዳ። ልጆቹ ያዛጋሉ። ከዚያ «ጓድ ቢሻው ቀጥል» ብሎ ተቀመጠ። አያ ቢሻውን ከቴሌቪዥኑ ጎን አቁመውታል፤ ከኋላ ግድግዳው የለም የሚደገፈው።

ሙዚቃው ተጫወተ። ጃርቱ ከፈረሰው ቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። አያ ቢሻው «ጃርቱ አዝኗል» አለ፤ ድምፁ አይሰማም። «ጮክ በል» አለ ጓድ ዓለምነው። «ጃርቱ አዝኗል! ቤቱን ፊውዳሉ አፍርሶበታል!» ተጨበጨበ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከኮረብታው በኩል፣ አንድ ነገር ብቅ አለ። ከርከሮው ነው። እየተንገዳገደ ነው። ቀረብ ሲል ጫንቃው ላይ የሆነ ነገር አለ። የበለጠ ቀረበ። ድንጋይ ነው! ትልቅ ድንጋይ፣ አንገቱን አጉብጦት።

እኔ ዛሬ ሳስበው፣ ያ ካርቱኑን የሠራው ፈረንጅ የሳለው ግድግዳውን ሊጠግንለት ድንጋይ ሲያመጣ ይሆናል። ምን አውቄ! ወለላ ግን ከመሬት ዘላ ተነሳች።

«ድንጋይ ተሸከመ! ይቅርታ ሊጠይቅ ነው! እዩት፣ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ!»

ልጆቹ ሁሉ ተቀበሏት፤ «ድንጋይ ተሸከመ! ድንጋይ ተሸከመ!» ምን ያድርጉ? በኛ አገር ደም ያፈሰሰ፣ ሰው የበደለ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ነው ከተበዳዩ ደጃፍ የሚወድቀው። ልጅም ያውቀዋል። ሌላ ድንጋይ መሸከም አያውቁም።

ከትልልቆቹ ግን ድምፅ ጠፋ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ያልተወሰደበት ቤት ስንት ነው? ከወሰዱትስ ውስጥ አንድ እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ አለ? ማንም አልተናገረም፣ ማንም ወደ ፊተኛው ወንበር አላየም። አለማየታቸው ነው ያስፈራኝ። ጓድ ዓለምነው አንገቱ፣ ከኮሌታው በላይ ያለው፣ ቀልቶ አየሁት።

ማምለጫ እንደሌለው አያ ቢሻው ገብቶታል። ማንም በአፉ አላለውም እንጂ፣ ይሄኛውንም ወርቅ ያመጣው እሱ ነው ብሎ ነው ሁሉም የሚጠረጥረው።

«ምን አለ?» አለች ወለላ። «አያ ቢሻው፣ ከርከሮው ምን አለ?»

ጓድ ዓለምነው ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ሳያዞር፣ በዝግታ፣ «ንገራቸው እንጂ። ምን አለ?» አለ።

«ማሩኝ አለ» አለ አያ ቢሻው።

ድምፁን አላወፈረም። በራሱ ድምፅ ነው።

«ጃርቱስ?» አሉ ልጆቹ።

ጃርቱ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አይንቀሳቀስም። ከርከሮው ጎንብሶ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

«ገና አልተናገረም። እያየው ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እያየው ነው።»

አቤት ያ ጊዜ! ኃይለ ጊዮርጊስ እንኳ ጠመንጃውን ረስቶ አንገቱን አስግጓል። አያ ቢሻው ቴሌቪዥኑን አያይም፤ የሚያየው ጓድ ዓለምነውን ነው። እሱም ቀና አለና ተያዩ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሲተያዩ እንደዚያ አይደለም። በመጨረሻ ጃርቱ ከደጃፉ ወረደ። ትንሽ ስለሆነ አይደርስበትም፤ በእግሩ ጣት ቆሞ የድንጋዩን ጫፍ ያዘ። ለሁለት ሆነው ቀስ አድርገው ደጃፉ ላይ አወረዱት።

«አውርድ አለው» አለ አያ ቢሻው።

«ማረው በቃ?» አለች ወለላ።

«አውርድ ነው ያለው። ሌላ አላለም።»

ሙዚቃው መጣ። ጓድ ዓለምነው ተነሳ፣ ኮፍያውን ደፋ፣ ማንንም ሳያይ በመሀል ሰንጥቆ ወጣ። ኃይለ ጊዮርጊስ ተከተለው። ሕዝቡ ሳይነጋገር ተበተነ፤ አያ ቢሻው ሳጥኑን ሊቆልፍ ሲታገል ቁልፉ አልገባ ብሎት እኔ ነኝ የቆለፍኩለት።

በማግስቱ ሰኞ ወርቁን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሽታዬም አልጠቀሰች፤ አያ ቢሻውን መንገድ ላይ ስታገኘው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «ደህና ዋልክ ወንድሜ» ብላ አለፈች። አቶ ሐብተ ማርያም በግቢያችን በኩል ማለፍም ተዉ። ሰው የሚወሰድበት ቤት እንዴት እንደሚታለፍ የኛ ሰፈር ያውቃል። አያ ቢሻው ሥራ ሄዶ በር ይከፍታል፤ ጓድ ዓለምነው ይገባል፣ ይወጣል፣ ቃል የለም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ማኪና ውጭ ቆመ በተባለ ቁጥር እቴነሽ ጥቅልሉን አንስታ ትቆማለች። ማኪናው ሲሄድ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

እንዲህ እያለ እሁድ መጣ። አያ ቢሻው ያን ቀን አዳራሽ አልሄደም፤ «ማን ያስከፍተኛል? ጉዳዬን ጨርሰውታል እኮ» ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ኃይለ ጊዮርጊስ በግቢው በር ገባ።

«አያ ቢሻው፣ ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል። ቁልፉን ይዘህ ና።»

ቁልፉን ይዘህ! ርክክብ ነው ማለት ነው። እቴነሽ ከውስጥ ወጣች፤ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ጥቅልሉን ሰጠችው፣ ትከሻውን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት፣ አቧራ ያለበት ይመስል። «በሸሚዝ አይደለም» አለች ለራሷ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከኋላ ተከተልኩ።

አዳራሹ ደጃፍ ልጆቹ ተሰብስበው ይገፋፋሉ። ጓድ ዓለምነው ከአዳራሹ ጥላ ሥር ብቻውን ቆሟል። አያ ቢሻው ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋለት። ጓድ ዓለምነው ቁልፉን አየ፤ ከዚያ በብብቱ ሥር የተያዘውን ጥቅልል አየ። በገመድ የታሰረ ጋቢ ምን እንደሆነ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስንቱን መልሷል። ብዙ ጊዜ አየው። ቁልፉን አልተቀበለም።

«ሰዓቱ ደረሰ እኮ» አለ። «ልጆቹ እየጠበቁ ነው። ክፈት እንጂ።»

አያ ቢሻው ከፈተ። ልጆቹ ተንጋግተው ገቡ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ ደጅ ቀረ። ትልቅ ሰው ከሁለታቸውና ከኔ በቀር አልነበረም። አያ ቢሻው ሳጥኑን ከፍቶ ወደ ኋላ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጓድ ዓለምነው ፊት ወንበር አልፈለገም፤ ሄዶ እዚያው ኋላ ከሱ አጠገብ ቆመ።

ካርቱኑ ጀመረ። ጃርቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይበላል። የተቀመጠው ድንጋዩ ላይ ነው።

ጓድ ዓለምነው እንዳይሰማ አድርጎ፣ እኔ ግን ከፊታቸው ስለነበርኩ ሰማሁት፣ «ያው ድንጋይ ነው?» አለ።

አያ ቢሻው ጥቅልሉን ብብቱ ሥር ጠበቅ አደረገ።

«ያው ነው። ከደጃፉ አልተነሳም።»

ሌላ አልተባባሉም። ወለላ ዞረች፤ «አያ ቢሻው! ምን አለ?» ሌሎቹም ዞሩ። አያ ቢሻው መልስ ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ የጥቅልሉን ገመድ ፈታ። በሶውን አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፣ ጋቢውን ዘርግቶ ተከናነበ። ያ አዳራሽ ሲበርድ አይጣል ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን አቀጠነ።